በደረቁ የምትዋጥ ክኒን

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴ አላስቀምጥ አላስነሳ ቢለኝ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አስፋልቱ ዳር ካለው ፋርማሲ ሄጄ ማስታገሻ ስጠይቅ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ከመስጠቷ በፊት ትመረምረኝ ጀመር። «እማማ፣ ጨጓራ ያምዎታል? ደም ግፊትስ? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ዛሬ ምግብ በልተዋል?» አለችኝ። የእኔ ቁጣ ደግሞ ቅርብ ነው፤ ልጆቼም ያውቁታል። «ልጄ፣ ክኒን ልገዛ ነው የመጣሁት እንጂ ልዳር ነው እንዴ!» አልኳት። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ጎረምሳ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ይሄ መድኃኒት በባዶ ሆድ ሲወሰድ ጨጓራ ያደማል። ለዚያ ነው የምጠይቅዎት» አለችኝ ረጋ ብላ። ይህን ጊዜ ዓይኔ እንባ ሞላ። ልጅቷ ደነገጠች፤ «አስቀየምኩዎት እንዴ እማማ?» አለች። ምን ብዬ ላስረዳት? ያን ጥያቄ ክኒን ስትገዛ አንድ ሰው ብርቅነሽን ጠይቋት ቢሆን ኖሮ ብዬ ነው ሆዴ የባባው። ብርቅነሽን፣ ጎረቤቴን፣ ጥርስ የማታስከድነዋን ጓደኛዬን።

አሁን ፋርማሲው ያለበት ቦታ ያኔ የአቶ ሽኩር ሱቅ ነበር። ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ የሚሉት ሰፈር በከፍተኛና በቀበሌ ቁጥር በሚጠራበት ዘመን ማለቴ ነው። ስኳርና ዘይት በካርድ ከቀበሌ ሱቅ ነው የሚወጣው፣ ያውም በሰልፍ፣ ያውም ሲገኝ። የቀረው ሁሉ ሽኩር ዘንድ ነበር፤ ሻማ፣ ክብሪት፣ ላምባ፣ መርፌና ክር፣ በፍሬ የሚሸጥ ሲጋራ። ከከረሜላው ብልቃጥ ጎን ክዳኗ የተጣመመ የቆርቆሮ ጣሳ ነበረች፤ አስፕሪን የሚቀመጠው እሷ ውስጥ ነው። የአንዷ ፍሬ ዋጋ ከአንዲት ሲጋራ ያንሳል። ሽኩር በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልሎ ይሰጣል፤ ቤት ገብተው ሲፈቱት ክኒኗ የአንዱ ባለሥልጣን አፍንጫ ላይ ተጋድማ ትገኛለች። ምን ያምሃል፣ ምን በልተሃል፣ ለማን ነው የሚል የለም። ሽኩር ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እሱም ራሱን ባመመው ቁጥር ከዚያችው ጣሳ ነበር የሚውጠው።

የዘመኑን ፖለቲካ ለሚያውቁት ትቼዋለሁ። እኔ የማስታውሰው ልብሱን ነው። ሴቱ በቴትሮን ጉርድ፣ ወንዱ በካኪ፣ ልጆቹ በኮንጎ ጫማ፤ ክረምት ሲገባ የኮንጎው ቀዳዳ ጭቃ እየተፋ ዳገቱን ሲወጡ የሚሰማው ጭብጨባ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሻይ ቤቱ አንድ ቴፕ ነበረችው፤ አንዲት ካሴት ከገባች ሰፈሩ ሁሉ ክረምቱን ሙሉ እሷኑ ሲያንጎራጉር ይከርማል። ማታ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሁሉም ወደ ጎጆው ይከተታል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ሽታ በየቤቱ ቀዳዳ ይገባል። ዛሬ ያ ሽታ የለም። ፎቁ አፈነው መሰለኝ፣ ወይም አፍንጫዬ አርጅቷል።

መቼም ያኔ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐኪም ነበር። ሐኪም ቤት ሄዶ ከሌሊት ጀምሮ መሰለፍን ማን ይወዳል? አንዱ ታሞ መድኃኒት ከታዘዘለት ሲሻለው የቀረውን ለሚቀጥለው በሽተኛ ያስቀምጣል። ያቺን ባለ ሁለት ቀለም እንክብል ታውቋት እንደሆን፣ ለጉሮሮ ትዋጣለች፣ ለቁስል ከፍተው ዱቄቷን ይነሰንሱባታል፣ ለተቅማጥ ትሰጣለች። የሻሿን ጫፍ ፈትታ «እንቺ፣ እኔን የሻረኝ ይሄ ነው» ያላለች ጎረቤት አልነበረችም። መስጠቱ ከፍቅር ነው፤ አለመቀበል ደግሞ ነውር። ያ ልማድ ሞቷል ብዬ ነበር። ባለፈው ግን ምራቴ ከልጇ የተረፈውን ሽሮፕ ከፍሪጅ አውጥታ ለታናሽየው ስትሰጥ አገኘኋትና ቤቱን በጩኸት አናጋሁት። «እማዬ፣ እሱም እኮ ጉንፋን ነው!» አለችኝ። ጉንፋን መሆኑን ማን ነገረሽ? እንዳንቺ ያለች ሐኪም ናት ሰፈራችንን የፈጀችው አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ ታኩርፍ።

ብርቅነሽ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤቷና ቤቴን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ካልተሰማኝ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ወሎ መንገድ ላይ ነው ኑሮው፤ እሷም ባሏን ቀብራ ከአንድ ልጇ ከዳዊት ጋር ነበረች፤ ስለዚህ አንዳችን የአንዳችን ቤተኛ ነን። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፤ በጾም ነገር ግን እንደ ሁለት ነጋዴ እንከራከራለን። በረመዳን «እናንተማ ምን አለባችሁ፣ ሌሊቱን ስትበሉ አድራችሁ ቀን ትተኛላችሁ» ትለኛለች። በሁዳዴ ደግሞ ተራዬ ነው። «ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ተልባው፣ ይሄን ሁሉ ደርድራችሁ ጾምን ነው የምትሉት?» እላታለሁ። ስትስቅ ትከሻዋ ነው የሚስቀው፤ መርፌውን አፏ ውስጥ ይዛ ስለምትስቅ እኔ በፍርሃት አልቃለሁ።

ዳዊት ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ገና ጺሙ አልወጣም ነበር። ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፣ ከዚያ ወሬው ጠፋ። ብርቄ ሳቋን ያን ቀን አስቀመጠችው። አንድ ማለዳ መጥታ «ዘይኑ፣ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ» አለችኝ። «ልጄ እስኪመጣ ድረስ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በአፌ አይዞርም። በየረቡዑም በእግሬ እንጦጦ ወጥቼ ደጇን እሳለማለሁ።» እናት ናት። የእኔ ልጆች አጠገቤ ነበሩ፤ የእሷ የት እንዳለ አይታወቅም። አላህ ይቀበልሽ አልኳት፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ነገሩ የተበላሸው በራስ ምታቱ ነው። ብርቄ ጠዋት ቡናዋን ካልጠጣች ራሷን ለሁለት የሚሰነጥቃት ሴት ነበረች፤ ያንን ተወች። ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆድ ካኪ ጨርቅ ላይ አቀርቅራ ስትሰፋ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ ነው። እንግዲህ ሰፈሩ የሚያውቀውን መከራት፤ «አንድ አስፕሪን ዋጥ አድርጊባት!» ዋጠች፤ ለቀቃት። በማግስቱም ዋጠች። እኔ አንድ ቀን እቤቷ ስገባ ክኒኗን ምላሷ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ኮምጨጭ አድርጋ አገኘኋት። «ውሃ አትጠጪባትም?» ስላት በእጇ ዝም በይ አለችኝ። ከዋጠች በኋላ «ውሃማ ጾም ይገድፋል። በምራቄ ነው የምውጣት። ደግሞ ምሬቷ ራሱ ጾም ነው» አለችኝ።

«ክኒኗስ ጾም አትገድፍም?»

«መምሬን ጠይቄያለሁ። መድኃኒት ጾም አይገድፍም ብለውኛል።» መምሬ ታደሰ የንስሐ አባቷ ናቸው፤ ደግና ትሑት ሰው።

«በእኛ ዘንድ ክኒንም ቢሆን ጾም ያስፈታል» አልኳት። «የታመመ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጾምም፤ ይበላና ሲሻለው በሌላ ቀን ይተካል።»

«ኪዳነ ምሕረት ዱቤ አትወድም» አለችኝ። ሳቅን። ይኸው ነው፤ በዚህ ነው የሳቅነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጾም እንዲህ አለፈ፤ ልጁ አልመጣም። በሁለተኛው ዓመት ሆዷን ያቃጥላት ጀመር። እዚህ፣ ከእምብርቷ በላይ። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ትላለች። ሰፈሩም ይስማማል፤ ጨጓራ ያላመመው ማን አለ? እንግዲህ ሕመም ነውና ማስታገሻ ያስፈልገዋል አለች፤ ያቺኑ ክኒን ለሆዷም ትውጣት ጀመር። አይታችሁልኛል? ራሷን ሲያማት የምትውጣት ክኒን ሆዷን ታቃጥላታለች፣ ሆዷን ሲያቃጥላት ደግሞ መልሳ ያቺኑ ትውጣለች። ዛሬ ይሄ ለልጅ የሚገባ ነገር ነው። ያኔ ለአንዳችንም አልገባንም፤ ወላሂ አልገባንም።

እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እድሜው የገፋ ድሬሰር ነበር፤ ሆዷን ነካካ፣ ጠየቃት። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»

«ኧረ ምንም» አለች ብርቄ።

ዋሸች አትበሉኝ፤ ብርቄ አትዋሽም። መድኃኒት ማለት ለእኛ በወረቀት ታዞ የሚመጣ፣ መርፌ፣ ሐኪም ያየው ነገር ነው። አስፕሪን ከክብሪትና ከሻማ ጋር የምትገዛ የሱቅ ዕቃ ናት፤ ማን መድኃኒት ብሎ ይቆጥራታል? እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አልተቃወምኩም፤ ትዝም አላለኝም። ለቄሱ መድኃኒት የነበረችው ክኒን ለሐኪሙ ምንም ሆነች። ብዙ ሌሊት ስገላበጥ የማድረው በዚህች ነገር ነው። ለቄሱ ምንም፣ ለሐኪሙ መድኃኒት ብትሆን ኖሮ ብርቄ ዛሬ እንደ እኔ ጉልበቷን እያሸች ትቀመጥ ነበር። ድሬሰሩ በሰማው ልክ ሠራ፤ የሚጠጣ ነጭ ሽሮፕ ሰጣት፣ ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ ብዪ አላት፣ በመጨረሻም «ሰገራሽ ከጠቆረ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ» ብሎ አስጠነቀቃት። ብዪ ያለውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። ሽሮፑን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ትጠጣለች፤ ጠዋት ጠዋት ክኒኗን።

ያቺ ረቡዕ ጾሙ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ነበር። ብቻዋን አትውጣ ብዬ አብሬያት ሄድኩ፤ አንዳንዴ እንዲህ አደርጋለሁ፣ እሷ ስታስቀድስ እኔ ከቅጥሩ ውጪ ዛፍ ሥር ተቀምጬ እጠብቃታለሁ፤ ስንመለስ ወሬያችን ነው። የሁዳዴ ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ረፋድ ላይ ነው የምንነሳው። ያን ቀን ወሬ አልነበራትም። በየመታጠፊያው እየቆመች ባሕር ዛፍ ትደገፋለች። ፊቷ አመድ መስሏል። መሀል ዳገት ላይ ድንገት «ዘይኑ፣ ኑግ ያጠቁራል አይደል?» አለችኝ።

«ምን ያጠቁራል?»

«ያ ድሬሰር ያለውን ነዋ። ጠቁሯል። ሰሞኑን ማታ ማታ ኑግ ስለምጠጣ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰሞኑ አልኩሽ እኮ።»

«ተመለሺ ብርቄ! አሁኑኑ እንውረድ!» ክንዷን ያዝኩ። በዚያች በደከመች እጇ አስለቀቀችኝ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው እኮ። ቅዳሴው ሲወጣ በቀጥታ ጤና ጣቢያ እሄድልሻለሁ። ልጄን ዳገት መሀል ትቼው ልመለስ?» አለችኝ። እንዲህ ስትለኝ ከኋላዋ ተከተልኳት። ትንሽ ሄደች። ከዚያ መሬት ላይ ተንበረከከች፤ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ነገር አስመለሳት፣ ከኋላው ደም መጣ።

ኡኡ አልኩ። እንጨት ሲጭኑ የነበሩ ወንዶች ደረሱልን፤ በሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ጋቢ አስረው ተሸክመዋት ወረዱ። እኔ አጠገቧ እሮጣለሁ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መንገድ ዳር ታክሲ እስኪገኝ ሲያሳርፏት አንዲት ሴት በጣሳ ውሃ አመጣች። ወደ አፏ ሳስጠጋው ብርቄ ጥርሷን ገጠመች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ «ዘጠኝ ሰዓት ሆነ?» አለችኝ። ፀሐዩ አናታችን ላይ ነው።

«ሆኗል» አልኳት።

«ቅዳሴው ወጣ?»

«ወጣ ብርቄ። ሰው እየተመለሰ ነው።»

ተጎነጨች። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ያቺን አልጸጸትባትም።

ሐኪም ቤት አንድ ወጣት ዶክተር ለሦስት ሰው ይሯሯጣል። ወደ እኔ ዞሮ «ምን መድኃኒት ትወስድ ነበር?» አለኝ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያንኑ መለስኩ፤ «ኧረ ምንም።» እሱ ግን አልለቀቀኝም። «ለራስ ምታት እንኳ?» አለኝ። «እሱማ አስፕሪን ነዋ፣ እሱማ ሁልጊዜ...» አልኩና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። «በባዶ ሆድ?» አለ። በባዶ ሆድ አልኩት። ደም ፈለጉላት፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ክንዱን ሊሰጥ መጥቶ ነበር። አልደረሰም። ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች። ነፍሷን ይማር።

ለቅሶው ላይ መምሬ ታደሰን አገኘኋቸው። ዘመድ አዝማድ ሲበተን ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። ንዴቴን መያዝ አልቻልኩም። «መምሬ፣ መድኃኒት ጾም አይገድፍም ብለው ገደሏት!» አልኳቸው። ሰው አጉረመረመ፤ አንዲት እስላም ቄስ ላይ ስትጮህ ጉድ ነው። እሳቸው አልተቆጡም። ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጄ፣ እኔ እንዲያ ብቻ አላልኳትም። መድኃኒት ከፈለግሽ ታመሻል ማለት ነው፣ የታመመ ይብላ፣ ጾሙን ፈትቼልሻለሁ፣ መድኃኒትሽን ከምግብ ጋር ውሰጂ ነው ያልኳት። መድኃኒት ጾም አይገድፍም ያልኩት ልቧ እንዳይከብድባት ብዬ ነው» አሉኝ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ ባለጌዋ ምን ብዬ ላባብላቸው? ብርቄ የሚያመቻትን ግማሽ ይዛ፣ የሚያድናትን ግማሽ እዚያው ደጀ ሰላም ጥላው መጣች። እስከ ዛሬ አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን እቆጣታለሁ። አንቺ እልኸኛ፣ አንቺ ምን ቆርጦሽ ነው ግማሹን የደበቅሽኝ እላታለሁ። ሙሉውን ብትነግረኝ በግድ አፏን ከፍቼ አጎርሳት ነበር።

ከዓመት በኋላ ዳዊት መጣ። አንድ እጁ ቆስሎ ስለማይታጠፍ አሰናብተውት ነው። ጺሙ ወጥቷል፣ አባቱን መስሏል። ሰፈሩ በአንድ ዓይኑ እየሳቀ በአንድ ዓይኑ እያለቀሰ ተቀበለው። «ስለቷ ሰመረ!» ይላሉ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ፤ «እናትህ ናት ጾማ ያመጣችህ!» ለዚህ ልጅ እናትህ ስለ አንተ ስትጾም ሞተች ብሎ ማሸከም ምን ይሉታል? ወደ ቤቴ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ምግብ አቀረብኩለት፤ በዚያች በደህናዋ እጁ ትንሽ በላና ተወው። ለረጅም ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቤታቸውን ሲያይ ቆየ።

«እትዬ ዘይነባ፣ ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«ጨጓራዋን ነው ልጄ።»

«ጨጓራ ሰው ይገድላል እንዴ? እኛ እዚያ በረሃ መድኃኒት የሚባል ሳናይ ቁስላችንን በጨው ውሃ እያጠብን ተርፈናል። እሷ አዲስ አበባ ተቀምጣ...» ከዚያ ቀጥ ብሎ ዓይኔን አየኝ። «መድኃኒት አልወሰደችም?»

«ወስዳለች» አልኩት። «ወስዳለች ልጄ።»